ክሪስታል «አናይሶትሮፒክ ነው» ስንል በየትኛው ባሕርዩ ማለታችን ነው?

የቁስ ሳይንስ ተማሪ፦

ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። ስለ አንድ ቃል አጠቃቀም ምክራችሁን እሻለሁ። በፊዚክስ መማሪያችን ላይ «ክሪስታሎች አናይሶትሮፒክ ናቸው፤ ብርጭቆና ሌሎች አሞርፈስ ጠጣሮች ግን አይሶትሮፒክ ናቸው» የሚል ዓረፍተ ነገር አለ (አሞርፈስ የሚባሉት አቶሞቻቸው እንደ ክሪስታል በሥርዓት ያልተደረደሩ ጠጣሮች ናቸው)። የቃሉ ትርጉም በራሱ አያስቸግርም፤ የአንድ ቁስ ባሕርይ እንደሚለካበት አቅጣጫ የሚለያይ ከሆነ ቁሱ አናይሶትሮፒክ፣ በየትኛውም አቅጣጫ ቢለካ ውጤቱ አንድ ከሆነ ደግሞ አይሶትሮፒክ ይባላል።

ይሁን እንጂ ከዚህ ዓረፍተ ነገር ጋር የሚጋጩ የሚመስሉ ሁለት ነገሮች አሉ። በማዕድን ጥናት የቤተ ሙከራ መመሪያችን የገበታ ጨው፣ አልማዝና ጋርኔት «አይሶትሮፒክ ማዕድናት» በሚል ርዕስ ሥር ተመድበዋል፤ ሦስቱም ግን ክሪስታልነታቸው የማያጠያይቅ ነው። በሌላ በኩል የመዳብ ዘንግ እጅግ ብዙ ከሆኑ ጥቃቅን ክሪስታሎች የተገነባ ሆኖ ሳለ፣ መሐንዲሶች በሚጠቀሙበት ሰንጠረዥ ላይ አቅጣጫ ሳይጠቀስ አንድ የያንግ ሞዱለስ (ቁሱ ሲሳብ ላለመለጠጥ የሚያሳየው ጽናት መለኪያ) ብቻ ይሰጠዋል። መማሪያው ስህተት ነው ወይስ ቃሉ በየሙያው የተለያየ ትርጉም ይዟል? በጽሑፍ ሥራዬ ላይ በትክክል ልጠቀምበት ስለምፈልግ በዝርዝር ብታስረዱኝ እወዳለሁ።

ማዕድን አጥኚ፦

ጥያቄዎ ተገቢ ነው፤ ብዙ ተማሪዎች የሚደናገሩት እዚሁ ላይ ነው። ቃሉ በማዕድን ጥናትም ሆነ በፊዚክስ ትርጉሙ አንድ ነው። ግጭቱን የሚፈጥረው ሰዎች «አናይሶትሮፒክ ነው» ካሉ በኋላ በየትኛው ባሕርይ እንደሆነ ሳይናገሩ ማለፋቸው ነው። አንድ ክሪስታል በአንዱ ባሕርዩ አናይሶትሮፒክ፣ በሌላው ደግሞ አይሶትሮፒክ ሊሆን ስለሚችል፣ ባሕርዩ ያልተጠቀሰበት አባባል ያልተቋጨ ዓረፍተ ነገር ነው።

ካያናይትን እንመልከት። ረዘም ብሎና ጠፍጠፍ ብሎ የሚያድግ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሰማያዊ የሆነ የአሉሚኒየም ሲሊኬት ማዕድን ነው። የብረት መርፌ ይዘው በሰፊው ገጹ ላይ በክሪስታሉ ርዝመት አቅጣጫ ጫን አድርገው ቢስቡት መርፌው ይነክሳል፤ ነጭ ዱቄት የሞላበት ጭረትም ይተዋል። ያንኑ መርፌ በዚያው ገጽ ላይ አግድም ቢስቡት ግን ይንሸራተታል፤ ድንጋዩን በመጫር ፈንታ ራሱ እያለቀ ግራጫ የብረት መስመር ጥሎ ያልፋል። ከ1 እስከ 10 በሚሄደው የሞስ የጥንካሬ መለኪያ በርዝመቱ በኩል ያለው ጥንካሬ 5 ገደማ ሲሆን በአግድም ያለው ግን ከ6.5 እስከ 7 ይደርሳል። እንግዲህ ካያናይት በጥንካሬው አናይሶትሮፒክ ለመሆኑ ከዚህ የበለጠ ምስክር አያስፈልግም። የዚሁ ክሪስታል እፍግታ ስንት ነው ተብሎ ሲጠየቅ ግን መልሱ አንድ ቁጥር ብቻ ነው፤ በርዝመት አቅጣጫ የሚለካ እፍግታና በአግድም የሚለካ እፍግታ የሚባል ነገር ስለሌለ፣ ቃሉ ለእፍግታ ጨርሶ አይነሳም።

በብርሃን በኩል ደግሞ የታወቀው ምሳሌ ካልሳይት ነው። ዴንማርካዊው ራስመስ ባርቶሊን በ1669 ከአይስላንድ በመጣ ጥርት ያለ የካልሳይት ክሪስታል ውስጥ የሚታይ ነገር ሁሉ ሁለት ሆኖ እንደሚታይ ጽፏል። ብርሃኑ ክሪስታሉ ውስጥ ሲገባ ለሁለት ይከፈላል፤ የአንደኛው ጨረር የስብረት ኢንዴክስ (ብርሃኑ በቁሱ ውስጥ ምን ያህል እንደሚዘገይ የሚያሳየው ቁጥር) በየትኛውም አቅጣጫ 1.658 ሲሆን፣ የሁለተኛው ግን እንደሚጓዝበት አቅጣጫ ከ1.658 እስከ 1.486 ባለው ክልል ውስጥ ይለዋወጣል። ኦፕቲካል አክሲስ በሚባለው አንድ አቅጣጫ ብቻ ሁለቱ እኩል ስለሚሆኑ በዚያ በኩል ምስሉ አይከፈልም።

ወደ ገበታ ጨው ስንመጣ፣ ብርሃን በየትኛውም አቅጣጫ በእኩል ፍጥነት ስለሚያልፍበት የስብረት ኢንዴክሱ 1.544 ብቻ ነው። መመሪያዎ «አይሶትሮፒክ» ያለው በዚህ ምክንያት ነው፤ ዝም ብሎ ያለፈው «በብርሃን ባሕርዩ» የሚለውን ነው። በዚያው የጨው ክሪስታል ላይ ስለት አሳርፈው መታ ቢያደርጉት ግን እንደ ብርጭቆ በዘፈቀደ አይሰባበርም፤ ከኪዩቡ ገጾች ጋር ትይዩ በሆኑ ሦስት አቅጣጫዎች ለጥ ባለ ገጽ ይሰነጠቃል። አልማዝም እንዲሁ ነው፤ ለብርሃን አቅጣጫ አይመርጥም፣ ለመሰንጠቅና ለመሞረድ ግን አጥብቆ ይመርጣል። አልማዝ በራሱ በአልማዝ ዱቄት ሊሞረድ የቻለውም ጥንካሬው ከአቅጣጫ አቅጣጫ ስለሚለያይና ከዱቄቱ ቅንጣቶች አንዳንዶቹ ምንጊዜም በጠንካራው ጎናቸው ስለሚያርፉ ነው።

ቴንሰር፦

ማዕድን አጥኚ በሚገባ አስረድተዋል። እኔ ልጨምር የምፈልገው ጨው ለብርሃን አይሶትሮፒክ የሆነው በአጋጣሚ አለመሆኑን ነው፤ ጉዳዩ የሲሜትሪ ውጤት ነው።

በ19ኛው መቶ ዘመን ፍራንዝ ኖይማን ባስቀመጠው መርሕ መሠረት፣ አንድ ክሪስታል ያለው የሲሜትሪ ዓይነት ሁሉ በማናቸውም ፊዚካዊ ባሕርዩ ላይም ይገኛል። አሁን እንደ ኤሌክትሪክ አስተላላፊነት ያለውን ባሕርይ እንውሰድ። በአንድ አቅጣጫ የተጫነ የኤሌክትሪክ መስክ አለ፤ በአንድ አቅጣጫ የሚፈስ ኮረንቲም አለ። ይህን የመሰለ ሁለት አቅጣጫዎችን የሚያገናኝ ባሕርይ የሁለተኛ ደረጃ ቴንሰር ይባላል፤ በሥዕል ሲገለጽም የኢሊፕሶይድ፣ ማለትም የተለጠጠ ወይም የተጨፈለቀ ኳስ ቅርጽ ይኖረዋል። እንደ ጨው ባለ ኪዩባዊ ክሪስታል ውስጥ በኪዩቡ አራት ሰያፍ መስመሮች ዙሪያ በ120 ዲግሪ ብናዞረው ክሪስታሉ ራሱን መልሶ ይተካል፤ ስለዚህ ኢሊፕሶይዱም በአራቱም መስመሮች ዙሪያ በዚህ መጠን ሲዞር ሳይለወጥ መቅረት አለበት። ይህን የሚያሟላ ኢሊፕሶይድ ክብ ኳስ ብቻ ነው። የኪዩባዊ ክሪስታል ሙቀት አስተላላፊነት፣ ኤሌክትሪክ አስተላላፊነት፣ በሙቀት መስፋፋትና የተለመደው የብርሃን ስብረት በሁሉም አቅጣጫ እኩል የሚሆኑት በዚህ ምክንያት ነው።

ጭነት ስናሳርፍበት የሚያሳየው የመለጠጥ ባሕርይ ግን የአራተኛ ደረጃ ቴንሰር ነውና በኢሊፕሶይድ አይወከልም። የኪዩብ ሲሜትሪ ይህን ባሕርይ ወደ ሦስት ነጻ ቁጥሮች ያወርደዋል እንጂ ለአይሶትሮፒክ ቁስ ወደሚበቁት ሁለት ቁጥሮች አያደርሰውም። የሲሜትሪ እጥረት ባለበት በትራይክሊኒክ ክሪስታል ደግሞ 21 ቁጥሮች ያስፈልጋሉ። በዚህ የተነሳ መዳብ ኪዩባዊ ሆኖ ሳለ፣ የአንድ ነጠላ ክሪስታሉ የያንግ ሞዱለስ በኪዩቡ ጠርዝ አቅጣጫ 67 ጊጋፓስካል ገደማ፣ በሰያፉ አቅጣጫ ደግሞ 191 ጊጋፓስካል ገደማ ይሆናል። በአንድ ጎን ከሌላው ይልቅ ወደ ሦስት እጥፍ የሚጠጋ ጽናት አለው ማለት ነው። ይህን ቁስ በደፈናው «አይሶትሮፒክ» ብሎ መጥራት ስሌት የሚያበላሽ ስህተት ያስከትላል።

የኬሚካዊ ለውጥ ፍጥነትም እንዲሁ ከአቅጣጫ ጋር ይያያዛል። ሲሊከን ለብርሃን አይሶትሮፒክ የሆነ ኪዩባዊ ክሪስታል ነው፤ በፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ሲበላ ግን ከኪዩቡ ገጽ ጋር ትይዩ የሆኑት ንጣፎች ቶሎ ሲሟሙ ከኦክታሄድሮን (ስምንት ገጽ ካለው ቅርጽ) ገጽ ጋር ትይዩ የሆኑት እጅግ ቀስ ብለው ይሟሟሉ። በኪዩብ ገጽ አቅጣጫ በተቆረጠ የሲሊከን ዝርግ ላይ የሚሟሟውን ቦታ ብቻ ክፍት ትተው በዚህ ፈሳሽ ውስጥ ቢያጠልቁት፣ ግድግዳዎቹ 54.7 ዲግሪ ያዘነበሉ፣ በሞረድ የተስተካከሉ የሚመስሉ ጉድጓዶች ይወጣሉ። ጥቃቅን የግፊት መለኪያዎች የሚሠሩት በዚህ ባሕርይ ላይ ተመሥርቶ ነው።

የቁስ ሳይንስ ተማሪ፦

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የጨው ጉዳይ ግልጽ ሆኖልኛል፤ የመዳቡ ቁጥሮች ግን ሁለተኛውን ጥያቄዬን ይበልጥ አከበዱት። የነጠላው ክሪስታል ሞዱለስ ከ67 እስከ 191 የሚለዋወጥ ከሆነ፣ ከእነዚህ ክሪስታሎች የተሠራው ዘንግ እንዴት አንድ ቁጥር ይኖረዋል? በተጨማሪም አንዳንዶች «አናይሶትሮፒክ» የሚለውን «ወጥ ያልሆነ» ከሚለው ጋር አቀላቅለው ሲጠቀሙበት አያለሁ። ሁለቱ አንድ ናቸው?

የብረታ ብረት መሐንዲስ፦

የመጀመሪያውን ጥያቄ እኔ ልሞክር። በተራ የመዳብ ዘንግ ውስጥ ያሉት ቅንጣቶች እያንዳንዳቸው ነጠላ ክሪስታል ናቸው፤ የየራሳቸው የኪዩብ ጠርዝ የሚያመለክተው ግን ወደተለያየ አቅጣጫ ነው። ዘንጉን ስንስበው አንዱ ቅንጣት በለስላሳ አቅጣጫው፣ ሌላው በጽኑ አቅጣጫው ጭነቱን ይቀበላል። ቅንጣቶቹ በጣም ብዙ ከሆኑና አቀማመጣቸው በእርግጥም በዘፈቀደ ከሆነ፣ ዘንጉን በየትኛውም በኩል ብንስበው የምናገኘው አማካዩን ነው፤ ለመዳብ ከ120 እስከ 130 ጊጋፓስካል ገደማ። ስለዚህ እያንዳንዱ ቅንጣት በመለጠጥ ባሕርዩ አናይሶትሮፒክ ሆኖ ዘንጉ ግን አይሶትሮፒክ ይሆናል። ከባሕርዩ በተጨማሪ ስለ የትኛው መጠን እንደምንናገር፣ ማለትም ስለ አንዱ ቅንጣት ወይስ ስለ ጠቅላላው አካል መሆኑን መግለጽ ግዴታ የሚሆነው ለዚህ ነው።

«በእርግጥም በዘፈቀደ ከሆነ» ያልሁትን ግን በጥንቃቄ ይያዙልኝ፤ በሥራችን ላይ ብዙ ችግር የሚመጣው ከዚያ ነው። ብረት በሮለር መካከል እየተዳመጠ ዝርግ ሲሆን ቅንጣቶቹ ይዞራሉ፤ አብዛኞቹም ተመሳሳይ አቀማመጥ ይይዛሉ። ይህን የአቀማመጥ መመሳሰል ቴክስቸር እንለዋለን። እንዲህ ካለ ዝርግ ላይ ክብ ቆርጠን በፕሬስ ወደ ኩባያ ቅርጽ ስንስበው፣ የኩባያው አፍ ቀጥ ያለ መሆኑ ይቀርና በተወሰነ ርቀት ከፍ ዝቅ የሚሉ ጆሮ መሰል ጉብታዎች ያወጣል። ክብ ሆኖ የገባው ብረት እንዲህ ሆኖ የሚወጣው በአንዳንድ አቅጣጫ ይበልጥ፣ በአንዳንዱ ያነሰ ስለሚሳብ ነው። ጉብታው ተቆርጦ ይጣላል፤ ዝርጉ በስሌት ወረቀት ላይ «አይሶትሮፒክ» ተብሎ ከተወሰደ ይህ ኪሳራ አስቀድሞ አይታይም።

ያው ባሕርይ ታስቦበት ሲሠራበት ደግሞ ትልቅ ጥቅም ይሰጣል። የብረት ክሪስታል በቀላሉ የሚማገነተው በኪዩቡ ጠርዝ አቅጣጫ ነው። ኖርማን ጎስ በ1934 የባለቤትነት መብት ባገኘበት ዘዴ፣ ሲሊከን ያለበትን ብረት በመዳመጥና በማሞቅ የቅንጣቶቹ ጠርዝ ወደ ዝርጉ ርዝመት እንዲያመለክት ማድረግ ተቻለ፤ የትራንስፎርመር እምብርት ከዚህ ዓይነት ብረት ሲሠራ ማግኔታዊ መስኩ በቀላሉ በሚማገነተው አቅጣጫ ስለሚያልፍ የሚባክነው ኃይል ይቀንሳል። በጄት ሞተር ውስጥ ያሉ አንዳንድ የተርባይን ምላጮችም ከአንድ ነጠላ የኒኬል ቅይጥ ክሪስታል ይወጣሉ፤ የኪዩቡ ጠርዝ በምላጩ ርዝመት እንዲውል ይደረጋል፤ በዚያ አቅጣጫ ሞዱለሱ ዝቅተኛ ስለሆነ ምላጩ በተደጋጋሚ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ የሚፈጠርበት ውስጣዊ ውጥረት ያንሳል። እዚህ ላይ ለስላሳውን አቅጣጫ መምረጥ ዕድሜ ማራዘም መሆኑን ልብ ይበሉ።

ሒሳብ ወዳድ፦

ሁለተኛውን ጥያቄ በአጭሩ እመልሳለሁ። «ወጥ» የሚለው ስለ ቦታ ነው፤ ከአንዱ ነጥብ ወደ ሌላው ስንሄድ ባሕርዩ ካልተለወጠ ቁሱ ወጥ ነው። «አይሶትሮፒክ» የሚለው ስለ አቅጣጫ ነው፤ በአንድ ነጥብ ላይ ቆመን ዙሪያችንን ስንዞር ባሕርዩ ካልተለወጠ ነው። እንከን የሌለበት ካልሳይት ፍጹም ወጥ ነው፣ በብርሃን ባሕርዩ ግን አናይሶትሮፒክ ነው። በዘፈቀደ የተበታተነ የአየር አረፋ ያለበት ብርጭቆ ደግሞ ወጥ አይደለም፣ ነገር ግን የሚመርጠው አቅጣጫ የለውም። ስለዚህ ሁለቱ ቃላት አንዱ በሌላው አይተካም።

የማይክሮስኮፕ ባለሙያ፦

የቤተ ሙከራ መመሪያውን በተመለከተ ተማሪዎች በተግባር የሚሳሳቱበትን አንድ ነገር ማንሳት አለብኝ። የዓለት ቁራጭ 0.03 ሚሊሜትር እስኪሆን ድረስ ተሞርዶ፣ አቅጣጫቸው እርስ በርስ በተሻገረ ሁለት ፖላራይዘሮች (በአንድ አቅጣጫ የሚርገበገብ ብርሃንን ብቻ የሚያሳልፉ ማጣሪያዎች) መካከል ይቀመጣል። ጋርኔት ያለበት ቦታ ጨለማ ነው፤ ቁራጩ የተቀመጠበትን የማይክሮስኮፕ መድረክ ሙሉ ዙር ብናዞረውም ጨለማ ሆኖ ይቆያል። ኳርትዝ ግን አብዛኛውን ጊዜ ግራጫ ወይም ነጭ ሆኖ ይበራል፤ ስናዞረውም በየ90 ዲግሪው ይጠፋል፣ በአንድ ዙር አራት ጊዜ ማለት ነው። ከዚህ ተነሥተው ብዙዎች «የማይበራው ቅንጣት አይሶትሮፒክ ነው» ብለው ይመዘግባሉ።

ይህ መደምደሚያ ሁልጊዜ አይሠራም። የኳርትዝ ቅንጣት ከኦፕቲካል አክሲሱ ጋር በቀጥታ ማዕዘን ከተቆረጠ፣ ብርሃኑ የሚያልፈው ልክ ምስል በማይከፈልበት አቅጣጫ ነውና ቅንጣቱ እንደ ጋርኔት ጨልሞ ይቀራል። ማዕድኑ አናይሶትሮፒክ ነው፤ እኛ የተመለከትንበት አቅጣጫ ግን ይህን ደብቆታል። ስለዚህ በአንድ ጨለማ ቅንጣት ብቻ መፍረድ አይገባም፤ በዚያው ስስ ቁራጭ ውስጥ ያሉ ሌሎች የማዕድኑ ቅንጣቶች መታየት አለባቸው፣ ወይም በርትራንድ ሌንስ የሚባለው ተጨማሪ ሌንስ በማይክሮስኮፑ ውስጥ ገብቶ በሾጣጣ ብርሃን የሚወጣው ምስል መመርመር አለበት። በጨለማው ኳርትዝ ላይ የመስቀል ቅርጽ ያለው ምስል ይወጣል፤ በጋርኔት ላይ ምንም አይወጣም። በተቃራኒው ደግሞ አንዳንድ ጋርኔቶች በእድገታቸው ጊዜ በተፈጠረ ውስጣዊ ውጥረት ወይም በአቶሞቻቸው አሰላለፍ የተነሳ ደከም ያለ ብርሃን ያሳያሉ። ስለዚህ በመዝገብ ላይ ያየነውን፣ ማለትም «በተሻገሩ ፖላራይዘሮች መካከል በሙሉ ዙር ጨለማ» የሚለውን አስቀድመን ብንጽፍና ፍርዱን ብናስከትል ይሻላል።

የድሮ መምህር፦

የተሰጡት ማብራሪያዎች ትክክል ናቸው፤ ሆኖም ጥንቃቄው ከልክ እንዳያልፍ እሰጋለሁ። በማዕድን ጥናት ክፍል ውስጥ «አይሶትሮፒክ» ሲባል ስለ ብርሃን እየተነገረ መሆኑን መምህሩም ተማሪውም ያውቃል። በየዓረፍተ ነገሩ «በብርሃን ባሕርዩ» እያሉ መድገም ጽሑፉን ያከብደዋል፤ ጀማሪውንም ያሰለቻል። ማንኛውም ሙያ የራሱ አጭር አነጋገር አለው፤ ቦታውን እስካወቀ ድረስ ጉዳት የለውም።

ማዕድን አጥኚ፦

መምህር፣ በክፍል ውስጥ በሚነገረው ላይ ከእርስዎ ጋር እስማማለሁ። የምፈራው አጭሩ አነጋገር ከክፍሉ ወጥቶ ወደ ሌላ ሙያ ሲሻገር ነው። እብነ በረድን እንደ ምሳሌ ላንሳ። ንጹሕ እብነ በረድ ከሞላ ጎደል ካልሳይት ብቻ ነው፤ ቅንጣቶቹ በዘፈቀደ ከተቀመጡ ድንጋዩ በጥቅሉ አይሶትሮፒክ ነው ተብሎ በሕንፃ ሥራ ሰነድ ላይ ይጻፋል። የካልሳይት ነጠላ ክሪስታል ግን ሲሞቅ በኦፕቲካል አክሲሱ አቅጣጫ ይረዝማል፤ ከዚያ ጋር ቀጥታ ማዕዘን በሚሠራው አቅጣጫ ደግሞ በጥቂቱ ያጥራል። ሲሞቅ የሚያጥር ጎን ያለው ቁስ መሆኑ ራሱ የሚያስደንቅ ነው። አሁን ጎን ለጎን የተጣበቁ ሁለት ቅንጣቶችን ያስቡ፤ አንዱ በጋራ ድንበራቸው ላይ ሊረዝም ሲል ሌላው ሊያጥር ይፈልጋል። ፀሐይ በየቀኑ ግድግዳውን እያሞቀች፣ ሌሊቱ እያቀዘቀዘው በድንበሮቹ ላይ ጥቃቅን ስንጥቆች ይበዛሉ፤ ውኃ ይገባባቸዋል፤ ስስ የሆኑ የግድግዳ ሰሌዳዎችም በዓመታት ውስጥ እየጎበጡ ይሄዳሉ።

በዚህ ጉዳይ ላይ ሰነዱ «አይሶትሮፒክ» ያለው በአማካይ መስፋፋቱ ትክክል ነበር፤ ድንጋዩን የጎዳው ግን በአማካዩ ውስጥ የተሰወረው የቅንጣቶቹ አናይሶትሮፒ ነው። በሰነዱ ላይ «ጠቅላላው ድንጋይ በሙቀት መስፋፋቱ አይሶትሮፒክ ነው፤ ነጠላ ቅንጣቶቹ ግን አይደሉም» ተብሎ ቢጻፍ ኖሮ፣ የሚያነበው መሐንዲስ ስለ ድንበሮቹ ለመጠየቅ ምክንያት ያገኝ ነበር። ጥቂት ቃላት መጨመሩ ለዚህ ሲባል አያስቆጭም።

የቁስ ሳይንስ ተማሪ፦

ከሁሉም መልሶች በመነሣት የመማሪያውን ዓረፍተ ነገር እንደሚከተለው ልጽፈው አስቤያለሁ፦ «ማንኛውም ነጠላ ክሪስታል ቢያንስ በአንዳንድ ባሕርያቱ አናይሶትሮፒክ ነው፤ የትኞቹ ባሕርያት እንደሆኑ የሚወሰነው በሲሜትሪው ነው። አቀማመጣቸው በዘፈቀደ ከሆነ ብዙ ክሪስታሎች የተሠራ አካል ግን በጥቅሉ ሲለካ አይሶትሮፒክ ሊሆን ይችላል።» ስለ አሞርፈስ ጠጣሮች የተጻፈውን ሁለተኛውን ክፍል እንዳለ ልተወው?

ቴንሰር፦

የመጀመሪያው ክፍል ጥሩ ነው፤ አንድ ቃል ብቻ አስተካክላለሁ። «የሚወሰነው በሲሜትሪው ነው» ከማለት «ሲሜትሪው የሚፈቅደው ነው» ቢሉ ይመረጣል፤ ምክንያቱም ሲሜትሪ አናይሶትሮፒን ይፈቅዳል እንጂ መጠኑን አይወስንም። ተንግስተን ልክ እንደ መዳብ ኪዩባዊ ነው፤ ሲሜትሪው በመለጠጥ ባሕርዩ ከአቅጣጫ አቅጣጫ እንዲለያይ ይፈቅድለታል፤ ነገር ግን ሦስቱ ቁጥሮቹ በተፈጥሮ እንዲህ ሆነው ስለተገኙ በተራ የሙቀት መጠን በሁሉም አቅጣጫ ሞዱለሱ እኩል ነው ማለት ይቻላል።

ሁለተኛውን ክፍል ግን እንዳለ አይተዉት። ብርጭቆ አይሶትሮፒክ የሚሆነው ውጥረት የሌለበት ሲሆን ነው፤ ሲጫኑት ወይም በፍጥነት ሲቀዘቅዝ ውጥረት ከቀረበት ብርሃንን እንደ ካልሳይት ለሁለት ይከፍላል፤ መሐንዲሶችም ይህን ተጠቅመው በግልጽ ፕላስቲክ በተሠሩ ሞዴሎች ላይ የውጥረትን ስርጭት በቀለም ያያሉ። አናይሶትሮፒ የጠጣሮች ብቻ እንዳልሆነም ይጥቀሱ፤ ፍሪድሪክ ራይኒትዘር በ1888 የመረመረው የኮሌስትሮል ውሁድ በ145.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ቀልጦ ደፍራሳ ፈሳሽ ይሆናል፤ እስከ 178.5 ዲግሪ ድረስም እየፈሰሰ ብርሃንን ለሁለት ይከፍላል፤ ከዚያ በላይ ሲሞቅ ጠርቶ አይሶትሮፒክ ይሆናል። ስለዚህ «አሞርፈስ ጠጣሮች ውጥረት ከሌለባቸውና በአንድ አቅጣጫ ካልተሳቡ በሁሉም ባሕርያቸው አይሶትሮፒክ ናቸው» ብለው ቢጽፉት ይበቃል።